ስለ 194,313 ጠይቁኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማትን ቀን ስለምታወጣበት ሒሳብ፣ ስናወራ 194,313 የሚል ቁጥር ጣል አድርጌ ሄድኩ። ጥያቄው ጎረፈ። እኔ እዚሁ ጎንደር ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ፤ የአቡሻኽር (የዘመን አቆጣጠር መጽሐፍ) ሊቅ አይደለሁም። ስለ ቁጥሩ ግን እንጨዋወት።

ከአዘዞ፦ መምህር፣ ቁጥሩ ከየት መጣ?

የቀን ቁጥር ነው። ዐቢይ ቀመር የሚባለው፣ የፋሲካ ቀኖች ዙራቸውን ጨርሰው እንደገና የሚጀምሩበት 532 ዓመት፣ በቀን ሲቆጠር ይህን ያህል ነው። 532 በ365 ሲባዛ 194,180 ይሆናል። በየአራት ዓመቱ የምትመጣው ጳጉሜን 6 ደግሞ 133 ቀን ትጨምራለች።

ከፒያሳ፦ ብቸኛ ቁጥር ነው እንዴ? መልኩ ይመስላል።

አይደለም። ግን አልፈርድብህም፤ እኔንም ሸውዶኝ ነበር። አሃዞቹን ስትደምር 21 ይመጣል፤ 21 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። ለ7 ደግሞ ቆንጆ ዘዴ አለ። ቁጥሩን ከመሃል ቁረጠው፦ 194 እና 313። ልዩነታቸው 119፣ ማለትም 7 ጊዜ 17 ነው። አለቀ፣ ለ7 ይካፈላል። ዘዴው የሚሠራው 1,001 የ7፣ የ11 እና የ13 ብዜት ስለሆነ ነው። 119 ለ11ም ለ13ም እምቢ ስላለ፣ ሁለቱን በዚያው ተገላገልን። ተተንትኖ ሲያልቅ 3 × 7 × 19 × 487 ነው።

ከማራኪ፣ ተማሪ ነኝ፦ 487ስ አይካፈልም?

አይካፈልም። እስከ 19 ባሉት ስምንት ብቸኛ ቁጥሮች ሞክሪው። 23 በ23 ሲባዛ 529 ስለሆነ ከዚያ ማለፍ አያስፈልግሽም።

አሁንም ከፒያሳ፦ እሺ፣ ተተነተነ። ከዚያስ?

እኔ የምወደው እዚህ ላይ ነው! እያንዳንዱ አካፋይ ባለቤት አለው። 7 የሳምንቱ ነው። 19 የጨረቃዋ፣ ንኡስ ቀመር የምንለው፤ በ19 ዓመት ጨረቃዋ ወደዚያው የዓመቱ ቀን ትመለሳለች። 3 እና 487 ሲባዙ 1,461 ይሰጣሉ፤ ይህ በወንጌላውያን ስም የሚጠሩት፣ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት የአራቱ ዓመታት ቀን ነው።

ፋሲካን ወደ ቀኑ ለመመለስ 19 ዓመት ብቻውን ለምን አልበቃም? 6,939 ቀን ከሦስት ሩብ ስለሆነ፣ ቀኑ አይሞላም። አራት ጊዜ ስታባዛው 76 ዓመት፣ ሙሉ 27,759 ቀን ታገኛለህ። እሱም ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፈዋል፤ ፋሲካ ደግሞ ከእሑድ ውጭ አይውልም። ስለዚህ ሰባት ጊዜ መድገም ግድ ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩበትን 1628 ዓ.ም. ብንወስድ፣ የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለበት ቀን በ2160 ይመለሳል።

ከቅዳሜ ገበያ፣ እናት፦ ጥምቀትም ይህን ያህል ያስጠብቃል?

አይ እትዬ። ጥር 11 አይነቃነቅም። የሚዞረው የሳምንቱ ቀን ብቻ ስለሆነ 28 ዓመት ይበቃዋል።

ከአራዳ፦ ቀመሩ ከጨረቃዋ ጋር ልክ ይገጥማል?

ልክ እንኳን አይገጥምም። በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይዛነፋል፤ በ532 ዓመት 1.7 ቀን አካባቢ። በእጅ ለተሰላ ነገር ግን የሚያስቀና ነው።

ከአዘዞ፦ በግእዝ እንዴት ይጻፋል?

፲፱፼፵፫፻፲፫።

ስሙን ያልጻፈ፦ ለሎተሪ ይሆናል?

ስድስት አሃዝ አለው፤ ሌላውን አንተ ታውቃለህ።