ሊኑክሱ አልሻሻል ስላለ ሙያ አይቀየርም

ከደብረ ማርቆስ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ጭንቀትህ ገብቶኛል። ልምምድ በወጣህበት መሥሪያ ቤት አንድ የኡቡንቱ ሰርቨር አፕዴት አደረግህ። አዲሱ ከርነል (የሲስተሙ ዋና ፕሮግራም) ተጭኗል፤ ሪስታርት ስታደርገው ግን በአሮጌው ይነሣል። አለቃህ «ፎርማት አድርገው» አሉህ። አንተም «ይህ ሥራ የእኔ አይደለም መሰለኝ፤ ወደ ዌብሳይት ሥራ ልዙር?» ብለሃል።

በዚህ ምክንያትስ አትዙር። ፎርማትም አታድርገው። ሰርቨሩ እየሠራ ነው እኮ።

ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት በሚለው ፎልደር፣ ግራብ የሚባል ፋይል አለ፤ ማሽኑ ሲነሣ የትኛውን ከርነል እንደሚያስነሣ የሚመርጠው የግራብ ፕሮግራም (ቡትሎደር) ማስተካከያ ነው። ግራብ ዲፎልት የሚለውን መስመር እይ። ዜሮ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አዲሱ ከርነል ይመረጣል። የአሮጌው ስም ተጽፎበት ከሆነ ግን መቶ ጊዜ አፕዴት ብታደርግም ያንኑ ያነሣልሃል። ከአንተ በፊት የነበረው ባለሙያ አንድ ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያሠራ ፕሮግራም) በአዲሱ አልሠራ ብሎት ሆን ብሎ አስሮት ይሆናል። ስለዚህ ሳትነካው ጠይቅ። ከቀየርከው በኋላ አፕዴት-ግራብን አስኪድ፤ ያለዚያ ለውጡ ፋይሉ ላይ ብቻ ይቀራል።

መስመሩ ደህና ከሆነ የቡት ፓርቲሽኑ (ከርነሎቹ የሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) ሞልቶ እንደሆነ ተመልከት። አሮጌ ከርነሎች ቦታውን ሲይዙት የአዲሱ ጭነት በግማሽ ይቀራል። በአፕት አውቶሪሙቭ አጽዳ እንጂ ፋይሎቹን በእጅህ አትሰርዝ። አዲሱ ተነሥቶ ኔትወርኩ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የማስነሻ ጥበቃ ጠርጥር፤ ያልተፈረመ ድራይቨር አያስገባም። እሱን ማጥፋት የደኅንነት ጉዳይ ነውና ያለ አለቃህ ፈቃድ እንዳታደርገው።

መብራት መሃል ላይ ሊሄድ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስና ያለ ባክአፕ አትጀምር።

ወደ ሥራ ፍለጋው ስንመጣ፣ ያየኸውን ምልክት፣ የፈተሽከውን ሁሉና ያገኘኸውን ምክንያት በአንድ ገጽ ጻፍ። የመሥሪያ ቤቱን ስምና አይፒ አድራሻ ግን አትጻፍበት። ባህር ዳርም ሆነ እንጅባራ ለሲስተም አድሚን (ሰርቨሮችን ለሚያስተዳድር ባለሙያ) ሥራ ስትወዳደር፣ ሲቪህ ላይ «ሊኑክስ እችላለሁ» ከሚለው ይልቅ ይህ ገጽ ይናገርልሃል። የሊኑክስ ኩባንያው የሬድ ሃት የሲስተም አድሚን ማረጋገጫ፣ የአርኤችሲኤስኤ ፈተና ራሱ ቡትሎደር ማስተካከልን በተግባር ይጠይቃል። ለፈተናው ለመክፈል አትቸኩል። የርዕሶቹ ዝርዝር በነፃ ይገኛል። ቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተርህ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ግራብን ሆን ብለህ አበላሽና አስነሣው።

ነገ ጠዋት ግን መጀመሪያ አለቃህ ጋ ግባና «ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ግማሽ ቀን ይስጡኝ፤ የማየውን በጽሑፍ አቀርባለሁ» በላቸው።