መልስ፦ ፊትን በሰማያዊና በብርቱካናማ ስለመሣል

የእናትዎን ፊት በሰማያዊና በብርቱካናማ ሥለው «ጭምብል መሰለብኝ፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር በአክሪሊክ (በውኃ በሚቀጥን ቀለም) ስሠራ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ችግሩ የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን የብርሃንና የጥላው ደረጃ ይመስለኛል። ዓይናችን ፊትን የሚለየው በዋናነት ብሩህና ጨለማ በሆነው ክፍል ልዩነት ስለሆነ፣ ብርሃን ያረፈበት ግንባር በደማቅ ቢጫ፣ ከአገጭ ሥር ያለው ጥላ ደግሞ በጥልቅ ሐምራዊ ቢሠራ፣ ቀለሙ ከተፈጥሮ ቢርቅም መልኩ አይጠፋም። ሥዕሉን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፤ ጉንጩና ጥላው አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ስሕተቱ እዚያ ነው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1905 ባለቤቱን ባርኔጣ አድርጋ ሲሥላት ፊቷን በአረንጓዴ ቀለም ደፍሮ ቀብቶታል፤ ብዙ ተመልካች ተቆጣ፣ ፊቷ ግን ፊት ሆኖ ቀረ። ለእኛ ከዚያ የሚቀርበን ምሳሌ ጣና ዳር ያለው ዘጌ ነው። በኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የግድግዳ ሥዕሎች ላይ ጥቁር መስመር የፊቱን ቅርጽ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ቀይና ቢጫው ሳይደበዝዝ ጎን ለጎን ይቆማል። ጀልባ ተሳፍረው ሄደው ቢያዩት በጣም ደስ ይለኛል።

ሰማያዊና ብርቱካናማ እርጥብ ሳሉ ከተነካኩ ጭቃ ይመስላሉ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አያስጠጉ። ደግሞም እናትዎን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጣና ዳር አስቀምጠው ጥላቸውን ይመልከቱ፤ ሰማያዊው እዚያው ፊታቸው ላይ አለ።