«ወፏ ሠራች» ወይስ «ወፉ ሠራ»?

ከባሕር ዳር የጻፉልን ጠያቂ እንዲህ ይላሉ፦ «በግቢያችን ባለው ዘንባባ ላይ ቢጫ ወፎች ክረምት ሲገባ ጎጆ ይሠራሉ። ልጆቼም ያዩትን በደብተር ይመዘግባሉ። ታላቋ ልጄ ‹ወፏ ጎጆዋን ሠራች› ብላ ብትጽፍ፣ ወንድሟ ‹የሚሠራው ወንዱ ስለሆነ ወፉ ጎጆውን ሠራ ነው መባል ያለበት› ብሎ ተከራከራት። የማንኛቸው ትክክል ነው? ደግሞስ ወፍ እንቁላል ‹ወለደች› ነው ወይስ ‹ጣለች› የሚባለው?»

በሰዋስው በኩል የልጅዎ ዐረፍተ ነገር አንዳች ጉድለት የለበትም። አማርኛ ስለ አንድ እንስሳ ሲናገር ወይ ተባዕታይ ወይ አንስታይ ጾታ ሳይሰጠው አያልፍም፤ ግሱም፣ ተውላጠ ስሙም፣ በስሙ መጨረሻ የሚገባው ምዕላድም አንዱን መምረጥ ግድ ይላቸዋል። ተናጋሪው የእንስሳውን ጾታ የማያውቅ ከሆነ የሚመርጥለት ልማድ ነው። በዚህ ልማድ ውሻና ጅብ ወንድ ሆነው ሲነገሩ፣ ድመት፣ አይጥና ወፍ በአብዛኛው ሴት ሆነው ይነገራሉ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ኖኅ ቁራን «ሰደደው»፣ ርግብን ግን «ሰደዳት» መባሉ ከዚሁ የመጣ ነው እንጂ አንባቢው የቁራውን ወንድነት እንዲያውቅ ተፈልጎ አይደለም። ወፍን ሴት አድርጎ መናገር በግእዝም አለ፤ በመዝሙረ ዳዊት 83ኛው መዝሙር ላይ ቤት ያገኘችው ዖፍ «ረከበት» በሚል የአንስታይ ግስ ተነግሮላታል። በዚህ ላይ አማርኛ ለትንሽና ለሚወደድ ነገር ሁሉ አንስታይ ጾታን ሲሰጥ፣ «ይህቺ ቤት»፣ «ትንሿ መጽሐፍ» ሲል እንሰማለን፤ ወፍ ደግሞ ትንሽም ተወዳጅም ናትና «ወፏ» ማለት ለአንደበት ይቀርባል።

ሆኖም እኔ በዚህ ጉዳይ ለወንድሟ አደላለሁ። ልማዱ የሚያገለግለው ጾታው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ወይም ታውቆም ለነገሩ ሳያስፈልግ ሲቀር ነው፤ የልጆችዎ ደብተር ግን የዓይን ምስክርነት ስለሆነ «ሠራች» የሚለው ቃል አንባቢውን ሴቷ ስትሠራ ታየች ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። የነገሩኝ ቢጫ ወፍ ራሰ ጥቁሩ ዓይነት ከሆነ ግን የሚሠራው ወንዱ ነው። የዘንባባውን ቅጠል ጠርዝ በምንቃሩ ነክሶ ሲበር ቀጭን ክር ተሰንጥቆ ይወጣለታል፤ ያንን ክር በቅርንጫፉ ላይ እየቋጠረ መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፣ ከዚያም በቀለበቱ ላይ ቆሞ ዙሪያውን እየጠለፈ መግቢያው ወደ ታች የሆነ ጎጆ ያወጣል። ሲጨርስ ከመግቢያው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል። እርሷ ገብታ ካልወደደችውና ሣሩ አረንጓዴነቱን ካጣ፣ ወንዱ ራሱ አፍርሶ ሌላ ይጀምራል። ከወደደችው ደግሞ ውስጡን ለስላሳ ሣርና ላባ ታነጥፍለታለች፤ እንቁላሉን የምትታቀፈውም እርሷ ናት። ይህን ሁሉ በአንዲት «ወፏ» ከጻፍነው ሁለት ወፎች አንድ ይሆናሉ፣ ከሥራ ክፍፍላቸው የሚገኘው እውቀትም ይጠፋል።

ስለዚህ ልጆችዎ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ወንዱ ወፍ» እና «ሴቷ ወፍ» ብለው ይለዩ፤ ከዚያ በኋላ «ወፉ» እና «ወፏ» ብሎ መቀጠል ይበቃል። «ተባዕት» እና «እንስት» የሚሉት ለሳይንስ ጽሑፍ ይስማማሉ፣ ለልጆች ደብተር ግን ይከብዳሉ። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል፦ «ወፉ» የታወቀውን ወፍም «የእሱ ወፍ» ማለትንም ሊያመለክት ይችላል፤ «ወፏ»ም እንዲሁ ናት። ለአንስታዩ «ወፊቱ» የሚለው ቅርጽ ከዚህ ጥርጥር ነጻ ነው፤ እኔም በጽሑፍ እርሱን እመርጣለሁ። «ጎጆውን ሠራ» ሲባልም «የታወቀውን ጎጆ» ይሁን «የራሱን ጎጆ» አይለይም፤ መለየት ሲያስፈልግ «የራሱን» ብሎ መጨመር ነው።

ይህ መመሪያ ለወፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም። አበባ ለአበባ እየዞሩ ማር የሚመጥጡት ትንንሽ ወፎች ዘንድ ጎጆውን የምትሠራው በአብዛኛው ሴቷ ስለሆነች፣ በዚያ «ሠራች» ልማዱንም እውነቱንም ያሟላል። ዋኖስ ደግሞ ወንዱ ጭራሮ ሲያቀብል ሴቷ ትደረድራለች፤ ለዚህ የሚሻለው ብዙ ቁጥር ነው። ግእዝ በብዙ ቁጥርም ወንድና ሴትን በግሱ ሲለይ፣ አማርኛ ግን «ሠሩ» ብሎ ሁለቱንም በአንድ ያጠቃልላል። ክረምቱ አልፎ ቢጫው ወንድ ደማቅ መልኩን ጥሎ ሴቷን ሲመስልና ማን ማን እንደሆነ ለዓይን ሲያስቸግርም ይኸው ብዙ ቁጥር ያድናል፤ ካልሆነም «ወፏ» ወደሚለው ልማድ መመለስ ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ አጭር መልስ አለው። በጽሑፍ «እንቁላል ጣለች» ይባላል፤ «ወለደች» በአንዳንድ ሰው አነጋገር ስለ ዶሮ ቢሰማም ለጽሑፍ አልመክረውም። ቀጥሎ «ታቀፈች»፣ ከዚያ «ፈለፈለች» ይመጣል፤ ስለ ጫጩቶቹ ከሆነ «ተፈለፈሉ» ነው። «መታቀፍ» የእናት ብቻ ግስ እየመሰላቸው «ወንዱ ታቀፈ» ለማለት የሚያመነቱ አሉ፤ ነገር ግን ወንዱ ዋኖስ ቀን ቀን በእንቁላሉ ላይ ተቀምጦ ሴቷ በሌሊት ስለምትተካው፣ «ታቀፈ» ብሎ መጻፍ ስሕተት የለበትም።