መልስ፦ ከሥራ ስገባ ጭንቅላቴ አያርፍም፣ ዮጋ ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ ቀኑን ኮምፒውተር ላይ ውለሽ ማታ እንቅልፍ እምቢ እንደሚልሽ ጽፈሽ፣ ሐዋሳ ውስጥ ዮጋ የት እንደሚሠራ ጠይቀሻል። ቦታ ፍለጋ አትድከሚ፣ ከትንፋሽ ጀምሪ።

ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪና አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ከፍ ዝቅ ማለት ያለበት እጅሽ ነው፤ ትከሻሽ ከተነሳ ገና ነሽ። እንዲህ በየሰከንዱ አንድ ስትቆጥሪ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ትተነፍሻለሽ። ማስወጣቱ ሲረዝም ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብ ምትን ያዘገያል። ለጀማሪ 5 ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ ብርድ ልብስ አጥፈሽ አንጥፊና በእጅና በጉልበትሽ ተደገፊ፤ አየር ስትስቢ ወገብሽን ወደ ታች ልቀቂ፣ ስታስወጪ ጀርባሽን አጉብጪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የደም ግፊት ካለብሽ ግን መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ።

ሜዲቴሽን ላይ፣ ማለትም ጸጥ ብለሽ ትንፋሽሽን ብቻ ስታዳምጪ፣ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ የቤት ኪራዩም አለቃሽም ይመጣሉ። አትታገያቸው፣ ወደ ትንፋሽሽ ተመለሺ፣ ልምምዱ ራሱ መመለሱ ነው። የሃይማኖቱ ነገር ካሳሰበሽ በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የሚዜመውን ትተሽ ትንፋሹንና ማፍታታቱን ብቻ ያዢ።

ደጅ መሥራት ካማረሽ ሐይቁ ዳር ያለው ፍቅር ሐይቅ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ። አሞራ ገደል ግን አይሆንም፤ የዓሣ ገበያው ጫጫታና አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓይን አያስከድኑም!

ከሰዓት በኋላ ቡና ተዪ። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ሐኪም ይይሽ።