የአደራ ውሻ በጸደይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ ተከራይተሽ ትኖሪያለሽ። ከመንገድ የተነሳች እናት ውሻ ከነአራት ቡችሎቿ «ባለቤት እስኪገኝላቸው አቆዪልን» ተብለሻል። ወቅቱ ጸደይ ስለሆነ የበልጉ ዝናብና ጭቃው አስፈርቶሻል። እኔ እዚሁ ከተማ አምስት ጊዜ አደራ ተቀብያለሁ፤ ሦስቱ በዚሁ ወቅት ነው። ተቀበያቸው። ጭቃው አያስፈራሽ፤ የሚያስቸግርሽ ጾሙና ፋሲካው ነው።

ጭቃውን በር ላይ ጆንያ አንጥፈሽ ትገላገይዋለሽ። ብርዱም የኅዳር ውርጭ አይደለም። ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ ቡችላ ሌሊት ይንቀጠቀጣል። ከሥር ካርቶን፣ ከላይ አሮጌ ባና ይበቃዋል። እናትየዋን ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አትጠጊያት፤ ምግቧን አስቀምጠሽ ዞር በይ።

አሁን ወደ ጾሙ። ጸደይ መጋቢት 26 ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ገና አላለቀም። ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፣ አጥንት የለም። የምታጠባ ውሻ ደግሞ ሆዷ አይጠግብም። የቤት ትራፊ እንዳትዪ፣ የጾም ወጥ ሽንኩርት በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። እኔን ያወጣኝ እንቁላል ነው። በጾም ፈላጊ ስለሌለው ይረክሳል። ቀቅለሽ ከሩዝ ወይም ከደረቅ እንጀራ ጋር ፈትፍተሽ ስጫት። ለቡችሎቹ የላም ወተት አትስጪ፣ ያስቀምጣቸዋል። ጎረቤት «እኛ ጾመን ለውሻ እንቁላል!» ማለቱ አይቀርም። ሳቅ ብለሽ እለፊው።

ባለፈው ዓመት አከራያችን እማማ ለፋሲካ የመንዝ በግ ገዝተው ቧንቧው አጠገብ አሰሩት። ያኔ ቡላ የምትባል ጆሮዋ የተቆረጠ ውሻ እኔ ዘንድ ነበረች። የመጀመሪያውን ቀን ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸችበት። በሦስተኛው ቀን በጉ ገመዱን ስቦ መጣና ሳህኗ ውስጥ አፉን ከቶ ውኃዋን ጠጣባት። ቡላ ወደ ኋላ ብላ ተቀመጠች፤ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቅዳሜ ማታ ጀርባ ለጀርባ ተኝተው አገኘኋቸው። እሑድ ጠዋት ቧንቧው ላይ የቀረው ገመዱ ብቻ ነው። ልታዝን ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ገመዱን አሸተተችና ሄዳ አንጀቱን ለመነች። ውሻ ናት እንግዲህ።

ነገሩ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነበር። እማማ «ይኼንን ለውሻዋ ጣይላት» አሉኝ። ሁላችንም ቤት የሚደረግ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ግን የትል ዘር አለ። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በእጅ ወይም ባልታጠበ ጎመን ወደ ሰው ይመለስና የሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ቅበሪው ወይም አቃጥዪው። እማማ ሲነገራቸው ደንግጠው ራሳቸው ጉድጓድ አስቆፈሩ። የዶሮ አጥንትም እንዲሁ፣ ሲበስል ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። የፋሲካ ሰሞን እንግዳና ልጅ ግቢውን ስለሚሞላው ውሾቹን ማድ ቤት ዝጊባቸው።

አንድ ጥያቄ ለእማማሽ፣ ማለቴ ለአከራይሽ፦ ግቢው ውስጥ በቅርቡ በደም ተቅማጥ የሞተ ቡችላ ነበር? ከነበረ ቡችሎቹን አታስገቢ። በሽታው አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። እኔ ሳልጠይቅ አስገብቼ ሁለት ቀብሬአለሁ።

ቡችሎቹ ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው የትል መድኃኒት፣ ሦስት ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ ክትባት ያስፈልጋቸዋል። ከነከሱሽ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂጂ። «ቡችላ ነው፣ ጭረት ናት» አትበዪ።

ክትባቱ ላይ ግትር ሁኚ። አንዱን ወንድ ቡችላ የፈለገው በመሐል ሜዳ በኩል ያለ ገበሬ ነበር። ሳይከተብ አልሰጥም አልኩት። ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የጓሳ ተራራ ለእሱ አገር ቅርብ ነው፤ በዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፣ የእብድ ውሻ በሽታን ደግሞ ከውሻ ነው የሚወስደው። «ለቀበሮ ብዬ ውሻ ላስከትብ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ለልጆችህ ብለህ» ስለው ዝም አለ። በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ አስከተበና በጋቢው አቅፎ ወሰደው።

አሮጌ ባና ከሌለሽ እኔ ጋ ሁለት አለ። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ዝናቡ ሳይመጣ ነይና ውሰጂ።