መልስ፦ እጄን ጥርቅም አድርጎ ሲይዘኝ ማስለቀቅ አቃተኝ

እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ከቀድሞ ኮማንዶ ክራቭ ማጋ (የእስራኤል ራስን የመከላከል ስልት) እየተማርሽ፣ ግዙፉ ጓደኛሽ የእጅ አንጓሽን ሲይዝ ማምለጥ አቃተኝ ብለሻል። የጉልበት ማነስ አይደለም፤ ወደ ኋላ ስለምትጎትቺ ነው። ያኔ ከአራት ጣቱና ከሙሉ ክብደቱ ጋር ነው የምትታገይው። መውጫው በአውራ ጣቱ በኩል ነው።

1. ጉልበትሽን በትንሹ አጥፈሽ ወደሱ አንድ እርምጃ ግቢ። ያስፈራል፣ አውቃለሁ፣ ግን ካልቀረብሽው አይሠራም።

2. እጅሽን ጨብጪና የክንድሽ ቀጭኑ ጎን አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በሚገናኝበት ክፍተት ልክ እንዲሆን አዙሪው።

3. ክርንሽን ወደሱ ክርን እየገፋሽ ጭብጥሽን ወደ ትከሻሽ አምጪው። በአንድ ጊዜ፣ ፈጠን ብለሽ።

በሁለት እጁ ከያዘሽ ነፃውን እጅሽን በእጆቹ መሃል አስገብተሽ የራስሽን ጭብጥ ያዢና ወደ ላይ ሳቢ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እኔ ለወራት የተለማመድኩት ቶሎ ከሚለቀኝ ጓደኛዬ ጋር ነበር፤ አንድ ማታ ፌርማታ ላይ የማላውቀው ሰው የምር ሲይዘኝ ደርቄ ቀረሁ። ጓደኛሽ ቀስ በቀስ እያጠበቀ፣ እየጎተተም እንዲይዝሽ ጠይቂው። እጅሽ እንደተለቀቀ ደግሞ ሩጪ፣ ጩኺ፣ ለፖሊስ 100 ደውዪ። አሰልጣኝሽ በውትድርና የተማረው ጠላትን እስከመጨረሻው መጣል ነው፤ አንቺ ግን የያዘሽ ሰው ከለቀቀሽ በኋላ ብትመቺው ተከሳሽ ልትሆኚ ትችያለሽ።