በትዕዛዝ የሣልሁት የጨርቅ ንድፍ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በኮምፒውተር የጨርቅ ሕትመት ንድፍ እሠራለሁ፤ ያሳተምኋቸውን ሻርፖችና የትራስ ልብሶች በቴሌግራም እሸጣለሁ። ዓምና አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ለመጋረጃ የሚሆኑ ስድስት ንድፎች አዘዘኝ፤ በቃል ተስማምተን ገንዘቡን በባንክ አስገባልኝ። አሁን እነዚያኑ ንድፎች አንሶላና ሻርፕ ላይ እያተመ ይሸጣል። አንድ የአዲስ አበባ ሱቅ ደግሞ ባለፈው መስከረም የለጠፍሁትን የራሴን ንድፍ ገልብጦ ለገበያ አውጥቶታል። ሁለቱንም መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ጉዳዮቹ የተለያዩ ስለሆኑ አንድ ክስ ውስጥ አይክተቷቸው። ከነጋዴው ልጀምር፤ የሚያስከፋው የእሱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 21 እንደሚለው፣ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ባለቤቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። ለብቻዋ ለምትሠራ ባለሙያ ጨካኝ ድንጋጌ ነው እላለሁ፤ የእኔ ቅሬታ ግን ዳኛ ፊት አይረዳዎትም። ስምምነቱ ለመጋረጃ ብቻ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህን የሚያሳይ የቴሌግራም መልእክት ካለዎት አይሰርዙት፤ ያለዎት የቃል ምስክር ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም።

ይልቅስ ከስድስቱ መካከል ነጋዴው ከማዘዙ በፊት ሠርተው ያስቀመጡት አለ? ካለ፣ ያ ንድፍ በትዕዛዝ የተሠራ ሊባል አይችልም። የኢኮኖሚ መብት (ንድፉን የማባዛትና የመሸጥ መብት) ለሌላ የሚተላለፈው በጽሑፍ ሲሆን፣ ፋይል መላክና ገንዘብ መቀበል ብቻውን መብቱን አያስተላልፍም። ስለዚህ ፋይሉ የተፈጠረበትን ቀን የሚያሳየውን መረጃና የእርሳስ ረቂቆችዎን ዛሬውኑ ይሰብስቡ። ስድስቱም የእሱ ናቸው ቢባል እንኳ፣ የንድፉ አመንጪ ተብለው የመጠራት የሞራል መብትዎ አይወሰድም።

የአዲስ አበባው ይሻላል። ወጥ ሥራ (ከሌላ ያልተቀዳ የራስዎ ፈጠራ) እስከሆነና በፋይል ወይም በጨርቅ ላይ እስከሰፈረ ድረስ የቅጂ መብት ያለ ምዝገባ ይገኛል። መከላከያቸውን ከወዲሁ ልንገርዎ፤ «ይህ የወሎ ጥለት ነው፣ የአያቶቻችን ነው» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። የነጠላ ጥለት ላይ ያለው መስቀል የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የእርስዎ የሚሆነው አደራደሩና ከራስዎ የጨመሩት ነው። ሁለቱን ጨርቆች ጎን ለጎን ዘርግተው ከነባሩ ጥለት የሚለዩትን ቦታዎች ምልክት ያድርጉ። ገልባጭ ብዙ ጊዜ እንከኑን ሳይቀር ይገለብጣል፤ ንድፉ በሚደጋገምበት መጋጠሚያ ላይ የተዛነፈች መስመር ከተገኘች ከብዙ ምስክር ትበልጣለች። የሱቁን ገጽ ሳይጠፋ ከነቀኑ ቀርጸው ያስቀምጡ፤ ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላኩ። እምቢ ካሉ ክሱ የሚቀርበው አዲስ አበባ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ነጋዴውን የሚከሱ ከሆነ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በክልሉ ለያዘው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው እንጂ ለወረዳ ፍርድ ቤት አያቅርቡ፤ ጊዜ ያባክናሉ።

ለወደፊቱ ትዕዛዝ ሲቀበሉ፣ ንድፉ በየትኛው ዕቃ ላይና እስከ መቼ እንደሚታተም፣ ባለቤትነቱም የማን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ይፈራረሙ። በደንብ የሚሸጡትን ንድፎች (ሁሉንም አይደለም፣ ወጪው አያዋጣም) በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት (ለዕቃ መልክና ጌጥ በሚሰጠው ጥበቃ) በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዝግቡ፤ ጥበቃው 5 ዓመት ሲሆን ሁለት ጊዜ በ5 በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ከማመልከቻው በፊት ከአንድ ዓመት በላይ የታወቀ ንድፍ ግን እንደ አዲስ አይቆጠርም፤ የመስከረሙን ማስመዝገብ ከፈለጉ መጪው መስከረም ሳይደርስ ያመልክቱ።